ባሕር የገባበት ሳሎን

እጸገነት ጥርስ ትሠራለች። ሐኪም አይደለችም፤ ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ለክቶ ይልክላታል፣ እሷ ስታዲየም አካባቢ ካለው ክሊኒክ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍሏ ተቀምጣ ጥርሱን ትቀርጻለች፣ ምድጃ ውስጥ ታጠነክራለች፣ እስኪያብለጨልጭ ትሞርዳለች። ካዛንቺስ ውስጥ ስንቱ ሰው በእጹ ጥርስ እንደሚስቅ እኔ ጎረቤቷ ከሪማ አውቃለሁ። ከፊት ጥርሶቼ አንዱ የሷ ሥራ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ባሌም አይለየውም።

ሰፈሩ ሲፈርስ ከተረፉት ጥቂት ግቢዎች ባንዱ ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው። እኔ በሩ ላይ ክር፣ ዚፕና ቁልፍ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። እሷ ከአባቷ ከጋሽ ገብረአምላክ ጋር ነው የምትኖረው። እናቷ ካረፉ በኋላ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ጋሽ ገብረአምላክ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ነው። ማታ ስትገባ «ደህና ዋልክ አባዬ?» ትላቸዋለች፣ «እግዜር ይመስገን» ይላሉ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ዘመዶቿ «መቼ ነው የምንበላው?» እያሉ ስለ ሰርጓ መጠየቅ የተዉት ድሮ ነው። ወደ ሃምሳ እየተጠጋች ስለነበር እሷም ነገሩን አታነሳውም።

ሁሉም ነገር የጀመረው በሰው ሰርግ ላይ ነው። የሥራ ባልደረባዋ እዚሁ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ሲዳር ሙዚቃው ራሷን አዞራትና አየር ልትቀበል ወደ እንግዳ መቀበያው ወጣች። እዚያ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። የዓሣ ገንዳ አይታ ታውቃለች፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ሐምራዊና አረንጓዴ ነገሮች ድንጋይ ላይ በቅለው፣ እንደ ጣት ያሉ ቀጫጭን ጫፎቻቸው ከውሃው ጋር ይወዛወዛሉ። አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠጋች። እጅጌውን የጠቀለለ፣ ባልዲ የያዘ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

«ይቅርታ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ።»

«ይሄን አበባ ማነው የሠራው?» አለችው ሳትዞር። «ፕላስቲክ ነው?»

«ፕላስቲክም አይደለም፣ አበባም አይደለም። እንስሳ ነው። ኮራል ይባላል። አፍ አለው፣ ይበላል። ጥርስ ብቻ ነው የሌለው።»

«ጥርሱን እኔ እሠራለታለሁ» አለችና ሳቀች። ሰውየው ግራ ገባው። ሥራዋን ስትነግረው ባልዲውን መሬት አስቀምጦ እሱም ሳቀ። ኬኩ ተቆርሶ፣ ሙሽሮቹ ጨፍረው፣ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር እነሱ ገና ገንዳው አጠገብ ነበሩ።

ስሙ ብርሃነ ነው። ለብዙ ዓመት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቷል። እዚያ ጭነት እየጠበቀ ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ጊዜ አንድ ዓሣ አጥማጅ የመጥለቂያ መነጽር አውሶት ፊቱን ባሕሩ ውስጥ ነከረ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹ ሾፌሮች ጫት ቤት ሲሄዱ እሱ ወደ ባሕሩ ነበር የሚሄደው። ጀርባውን ሲያመው መንዳቱን ተወና የሆቴልና የሰው ቤት ገንዳ መንከባከብ ያዘ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም።

«እኔም ቤቴ ልጀምር» ስትለው ግን ብርሃነ እጁን አወዛወዘ።

«ኧረ ይቅርብዎ። ጨዋማ ውሃ እንደ ተራው ገንዳ አይደለም። አንድ ቀን ቢረሱት ሁሉም ይሞታል። ድመት ቢያሳድጉ ይሻልዎታል።»

«ድመት አልወድም» አለች እጹ።

በሳምንቱ ሳሎናቸው ውስጥ ዕድሜ ልኩን የቆመው ቡፌ፣ ከነብርጭቆው ከነሳህኑ፣ ተገፍቶ የጋሽ ገብረአምላክ መኝታ ቤት ገባ። በቦታው ላንቻ ያለ ብየዳ ቤት የሠራው የብረት መቆሚያ መጣ፤ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እንጨት ቢሆን ኖሮ እንደሚሰነጠቅ ብርሃነ አስጠንቅቋት ነበር። ከብረቱ ላይ ገንዳው ተቀመጠ። ጋሽ ገብረአምላክ ዙሪያውን አይተው ወጡ፤ በሁለቱም እጃቸው የከበደ ፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ። የገበታ ጨው ነው።

«ባሕር እንግዲህ ጨው አይደል እንዴ?» አሉ ኮራ ብለው። «ይሄ ካልበቃ እጨምራለሁ።»

እጹ ምን ትበላቸው። አባቷ ገንዳውን ወደውት ሳይሆን እሷን ለመርዳት ብለው እንደሆነ ገብቷታል። የባሕር ውሃ ውስጥ ከጨው ሌላ ብዙ ማዕድን እንዳለ፣ ለዚህ ተብሎ የሚዘጋጅ ጨው ብርሃነ እንደሚያስመጣላት ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። ጋሽ ገብረአምላክ የገዙት ጨው ለጎረቤት ታደለ፤ እኔም ወጤን ስሠራበት ከርሜያለሁ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። የቧንቧ ውሃ በማጣሪያ ጠብ ጠብ እያለ ተጠራቀመ፣ ጨው ገባበት፣ ድንጋይና አሸዋ ገባበት፣ በቃ። እጹ ጠዋት ጠዋት አንድ ጠብታ ከውሃው ትንሽ የመነጽር ቱቦ ጫፍ ላይ ታደርግና ቱቦውን ዓይኗ ላይ ደግና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ የጨውን መጠን ትለካለች። ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ መስፈር አለባቸው፤ አለበለዚያ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ይሄን እሷ ታውቀዋለች፤ ሰፈሩ ግን አያውቅም። ዓሣ ሊያይ የሚመጣው ሁሉ ውሃና ድንጋይ አይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ደብሪቱ ሱቄ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከሪማ፣ ማለቴ… ልጅቷ ደህና ናት? ድንጋይ ስታጥብ አየኋት እኮ። ድንጋይ! በጥርስ ብሩሽ!»

«ደህና ናት እትዬ። ዓሣው ገና ነው የሚመጣው።»

«ይሁና» አሉ፤ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው የሄዱት።

ቆይቶ ድንጋዩ ሁሉ ቡናማ ዝቃጭ ለበሰ። ጋሽ ገብረአምላክ «ዛገ!» ብለው ደነገጡ፤ ብርሃነ ግን በስልክ «እሰይ፣ ሕይወት ጀመረ ማለት ነው» አላት። ዝቃጩን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎችና ጥቂት ሽሪምፖች ገቡ። ቀጥሎ ነጭ መስመር ያላቸው ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች መጡ፤ አንዱ ተለቅ ያለ ነው። ተለቅ ያለው ሌላውን ያባርራል፣ ጥግ ጥጉን ይቆጣጠራል፣ መስታወቱ ላይ የተጠጋን ሰው ያፈጥጥበታል። ጋሽ ገብረአምላክ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው አለቃ ጋር ቁርጥ አንድ ሆነባቸውና «ኃላፊው» ብለው ሰየሙት። ሬዲዮውን የተዉት ከዚህ ወዲህ ነው። ወንበራቸውን ገንዳው ፊት አቁመው ይውላሉ፤ እጹ ሥራ ላይ እያለች ይደውሉላታል።

«እጸገነት፣ ኃላፊው ዛሬ ቢሮ አልገባም።»

«ድንጋዩ ሥር ይሆናል፣ እየው አባዬ።»

«ቆይ… አዎ፣ ወጣ። ስብሰባ ላይ ነበር መሰለኝ።»

የመጀመሪያዋ ኮራል የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ነበር። ብርሃነ ከራሱ ገንዳ ቆርሶ የሰጣት ናት። እጹ ድንጋዩ ላይ በሱፐር ግሉ አጣበቀቻት፤ ውሃ ውስጥ ይይዛል ብሎ ማን ያምናል! ኮራሏ ግን እንደ ጡጫ ጨብጣ ቀረች። ዛሬ ትከፍታለች ነገ ትከፍታለች ስትባል አልከፈተችም። እጹ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በሬን ደበደበችው፤ አንድ እግሯ ጫማ አለው፣ አንዱ ባዶውን ነው።

«ከሪማ፣ ነይ! ከፈተች!»

ሻሼን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። መሐሏ አረንጓዴ፣ ዙሪያዋ ሮዝ፣ በጠርዟ እንደ ሽፋሽፍት ያሉ ፀጉሮች። ከሱቄ ቁልፎች ትንሿን ታክላለች። ያኔ ትዝ ያለኝ ወሎ የነበረችው አያቴ ናት፤ በአንገቷ ዙሪያ መርጃን የምትለው ቀይ ዶቃ ነበራት። መርጃን ከባሕር የሚወጣ ድንጋይ ነው እያለች ነበር ያሳደገችኝ። ለካ ቤት ሠርቶ የሚኖር ነፍስ ያለው ነገር ነው። እጹና እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስናይ ሁለታችንም ከሥራ ዘገየን።

በክረምቱ መሐል፣ በቀትር ሰዓት፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ጋሽ ገብረአምላክ ግድግዳውን ሲደበድቡ ሰማሁ። ስገባ ገንዳው ጨልሟል፣ ሁልጊዜ ሲንሸራሸር የነበረው ውሃ ቀጥ ብሏል።

«ማሽኑ ዝም አለ ከሪማ። እጸገነት ስልክ አታነሳም። ዓሦቹ ወደ ላይ እየመጡ አፋቸውን ይከፍታሉ።»

ለብርሃነ ደወልኩ። ሜክሲኮ ላይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ መንገድ ተዘግቶበት ነበር።

«በጆግ ውሃውን ቅዱና ከፍ አድርጋችሁ መልሱት» አለኝ። «አየር እንዲገባ ነው። የኛ ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እንዳታቋርጡ! ደግሞ እንዳይቀዘቅዝ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። እየመጣሁ ነው።»

ጋሽ ገብረአምላክ ወዲያው ከትከሻቸው ጋቢያቸውን አወለቁና ገንዳውን አለበሱት። እኔ ጆግ ያዝኩ፣ እሳቸው ጭልፋ። ቀድቶ ማፍሰስ፣ ቀድቶ ማፍሰስ። ክንዴ ሲዝል በሩ ላይ እትዬ ደብሪቱ ቆመው አየኋቸው። መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«ወዲያ በይ፣ እኔ ልቅዳ» አሉኝ። «አይዞህ ኃላፊ፣ አይዞህ የኔ ጌታ! በቃ፣ አሁን ይመጣል መብራቱ!»

እጹ ዝናብ ደብድቧት ስትደርስ ያየችው ይህንን ነው፦ አባቷ እስከ ትከሻቸው ርሰው፣ እኔ ጋዝ ምድጃ ላይ የሞቀ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላሁ ገንዳው ላይ ሳንሳፍፍ፣ እትዬ ደብሪቱ ዓሣ ሲያባብሉ። በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ ሳቋም አብሮ መጣ። ወዲያው ብርሃነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይዞ እያለከለከ ገባ። ፓምፑን ሲያስገባው ውሃው አረፋ ደፈቀ፣ ዓሦቹም ወደ ታች ወረዱ። እጹ ከእጁ ቱቦውን ልትቀበል ስትል ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«አንቺ ቁጭ በይ። በስብሰሻል እኮ፣ መጀመሪያ ልብስሽን ቀይሪ።»

አንቺ አላት። እስከዚያ ቀን ድረስ እርስዎ እንጂ አንቺ ብሏት አያውቅም። እኔ ሰማሁ። ጋሽ ገብረአምላክን አየኋቸው፤ እሳቸውም ሰምተዋል። እሷ ብቻ ናት ያልሰማች መስላ ልብስ ልትቀይር የገባችው፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

መብራት የመጣው በማግስቱ ነው። አንድ ሽሪምፕ ሞተብን፤ ሌላው ሁሉ ተረፈ። እንዲያውም ክረምቱ ሲወጣ ኃላፊው ድንጋዩ ላይ ብርቱካንማ ጥቃቅን እንቁላል ደርድሮ ተገኘ። ብርሃነ የዚህ ዓሣ ጎሳ ውስጥ ትልቋና አዛዧ ሁልጊዜ ሴቷ እንደሆነች ሲነግራቸው ጋሽ ገብረአምላክ ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። «ይቅርታ አድርጊልኝ እመቤት» አሏት።

ብርሃነ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ውሃ ልመርምር ነው የሚለው። እጹ ውሃውን ራሷ መመርመር ከቻለች ቆይታለች፤ እንዲያውም ኮራል መቁረጥ ላይ ከሱ ትበልጣለች፤ ጥርስ የምትሞርድበት እጅ ነው። ካደገው ቅርንጫፍ ስስ አድርጋ ቆርጣ፣ የልብስ ቁልፍ በምታህል ሸክላ ላይ አጣብቃ፣ ለሱ ገንዳ ትሰጠዋለች። እሱ በሳምንቱ ሌላ ዓይነት ይዞ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠብታ ይቆጥራሉ፣ ቀለም ያስተያያሉ።

«ይሄ ውሃ ስንት ጊዜ ነው የሚመረመረው?» አሉኝ ጋሽ ገብረአምላክ አንድ ቀን፣ ሁለቱ እየሰሙ። «እኔ እንኳ ደሜን እንዲህ ተመርምሬ አላውቅም።»

ሽማግሌ የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ነው። የብርሃነ አጎት ጋሽ ፍቅሬ፣ አንድ ቄስ፣ ሦስተኛው በጅቡቲ መስመር አብሮት የነዳው ጦይብ። እኔ ለስላሳና ኩኪስ ላቀርብ ተጠርቼ ከእጹ ጋር ጓዳ ነበርኩ፤ መጋረጃው ስስ ስለሆነ ሁሉም ይታያል። እንደ ወጉ ጉዳያቸው ካልተፈጸመ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ችግሩ የቆሙት ገንዳው ፊት መሆኑ ነው።

ጋሽ ፍቅሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… የመጣንበት ጉዳይ… ያ ምንድነው እጁን የሚያወጣው?»

«ሸርጣን ነው» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ። «በሰው ዛጎል ነው የሚኖረው። ሲያድግና ሲጠበው ሌላ ይፈልጋል።»

«ተከራይ ነዋ፣ እንደኔ» አለ ጦይብ፣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ።

ቄሱ በመስቀላቸው ጫፍ አመለከቱ። «ይህስ ምን ዓይነት አበባ ነው?»

«እንስሳ ነው አባ። ይበላል።»

«ምን ይበላል?»

«የደቀቀ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንዲህ ያለ ነገር።»

«በዐቢይ ጾምም?»

«በዐቢይ ጾምም አባ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አወረዱ። «እንግዲህ እሱን ማን ያስጾመዋል» አሉ።

«ቆይ፣ ሲበላ ላሳያችሁ» አሉ ጋሽ ገብረአምላክ። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ረስተው ከበቧቸው። እጹ ከጎኔ መጋረጃውን ጨመደደችው። አባቷ ምግቡን በማንኪያ ሲዝቁ ስታይ አልቻለችም።

«አባዬ፣ በዛ! ውሃው ይበላሻል!» ብላ ኮራሎቹን የምትመግብበትን መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይዛ ሳሎን ገባች።

ሁሉም ወደሷ ዞረ። በሽማግሌ ፊት እንዲህ ብቅ ማለቷ ሲገባት ቆማ ቀረች። ጋሽ ፍቅሬ ፈገግ አሉ።

«ከመጣሽ አይቀር ልጄ፣ ጉዳዩ ያንቺም ነው። ልጃችን ብርሃነ ሊያገባሽ ይፈልጋል። ምን ትያለሽ?»

«እሱ ራሱ ለምን አልጠየቀኝም?»

«ሞክሮ!» አለ ጦይብ። «በየቅዳሜው ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ይሄዳል፤ ውሃ መርምሮ ይመለሳል!»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከዚያ ጋሽ ገብረአምላክ፣ ከዚያ እኔ ከጓዳ። እጹ ስሪንጁን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት እያየች፣ «እሺ በሉት» አለች። «ዛሬም ቢሆን ይምጣ። አልቀየምም።»

እሱ ለካ ጥግ ላይ ካለው ካፌ ተቀምጦ ስልኩን እየጠበቀ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ከግቢያቸው ሆነው እልል ሲሉ ሳይደወልለት ገባው።

ሰርጉ ግቢያችን ውስጥ በተጣለ ድንኳን ተደገሰ፤ ሙሽራዋ ግን ድንኳን ውስጥ ብዙ አልተገኘችም፣ እንግዳ እየመጣ «ገንዳውን አሳዪን» ስለሚላት። ጋሽ ገብረአምላክን ጥላ አትሄድም፣ ስለዚህ ብርሃነ ከነገንዳው መጣ። የመጀመሪያ ጠባቸውም የሱ ትልቁ ኮራል የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። ከላይ የመብራቱ ኃይል ይበዛበታል አለች፤ እሱ ይለምዳል አለ። ኮራሉ ከላይ ተቀምጦ ነጣ፤ ወደ ታች ሲወርድ ቀለሙ ተመለሰ። ብርሃነ «አንቺ ነሽ ልክ» አላት፤ እሷ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው።

ዘንድሮ በባቡር ጅቡቲ ወሰዳት። እጹ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር፤ ዋናም አትችልም። ብርሃነ ወገቧን ይዟት፣ መነጽሩን አድርጋ ፊቷን ነከረች። ስትነግረኝ አሁንም ሁለት እጇን ዘርግታ ነው፦ እሷ በጥፍር ልክ እያጣበቀች ያሳደገችው ነገር እዚያ የቤት ጣሪያ አክሎ፣ ማለቂያ የሌለው ሆኖ፣ ዓሦቹ በመንጋ እያለፉበት። ቀና ስትል ብርሃነን አንገቱን አቀፈችው። አንድ ዛጎል እንኳ ሳይወስዱ ነው የተመለሱት፤ የባሕሩን ለባሕሩ መተው ይበጃል ይላል እሱ።

ገንዳውን ስንጠብቅ የሰነበትነው እኔና ጋሽ ገብረአምላክ ነን። ሲገቡ ከነሻንጣቸው ሳሎን ቆመው ሁሉም ደህና መሆኑን አዩ። ከዚያ ጋሽ ገብረአምላክ ልጃቸውን ወንበራቸው አጠገብ አስቀመጧት።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ውሃው ንጹሕ ነው?»

«መስታወት ነው አባዬ! አሸዋው ሳይቀር ይታያል።»

«ማነው የሚመረምረው?»

«ማንም።»

ጋሽ ገብረአምላክ ወደ ብርሃነ ዞረው፣ «ታዲያ አንተ በየቅዳሜው ምን ስትሠራ ነበር?» አሉት።